ቀለም የተቀባ ታንቡር

«አሮጌውን አጥበህ ለሷ መልስላት፤ አዲሱን ለራስህ ግጠመው። እሷ እንደሆነ ከገበያ ቤቷ ነው መንገዷ፤ አገር ለአገር የምትዞረው አንተ ነህ» ሲሉ ሰማኋቸው፣ አማቴ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ እኔ በግቢው በኩል ባለው የኩሽና መስኮት ሥር ቆሜ የቁርሱን ዕቃ አጥባለሁ። «እሷ» ያሏት ጎረቤት ወይም ባዳ እንዳትመስላችሁ፤ የገዛ ልጃቸው ናት፣ የባሌ ታናሽ እህት። አዲሱ የተባለውም እሷው የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ከርማ በላቧ የገዛችው የኋላ ፍሬን ዕቃ ነው፤ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ ታንቡሩ፣ እሱን ከውስጥ እየገፋ የሚያቆመው ሸራ፣ ሁሉም ከነካርቶኑ። ባሌ ምን ይመልስ ይሆን ብዬ ቧንቧውን ዘጋሁ። «እኔስ እሱን እያሰብኩ አይደል እንዴ» አለ፣ እናቱ ለምሳ ምን ይሠራ ብለው የጠየቁት ይመስል በለሰለሰ ድምፅ።

ይቻላል ወይ ካላችሁ፣ በደንብ ይቻላል። ሁለቱ መኪኖች የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ባሌና ሟች አባቱ በአንድ ሰሞን ከአንድ ሻጭ የገዟቸው፣ ከቀለማቸው በቀር ምንም የማይለያዩ። የአባትየው መኪና ለሴት ልጃቸው የደረሰችው እንዲሁ አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ ሚጣ ይላታል። የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል፣ ግን ዛሬም ሚጣ ናት፤ ሚጣ በመሆኗም ሽማግሌው አልጋ ላይ በዋሉበት ጊዜ ሐኪም ቤት አመላልሺ፣ ገላ እጠቢ፣ አንሶላ ለውጪ የሚባለው ለሷ ነበር። ያኔ እኛ እዚህ ቤት አልገባንም ነበር፤ ባሌ እሁድ እሁድ እየመጣ በር ላይ ቆሞ «እንዴት አደሩ?» ብሎ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል። ሽማግሌው ሊሞቱ ሲሉ ሁላችንም ባለንበት «መኪናዋ የሚጣ ናት» አሉ። ባሌ አፉ እሺ አለ፤ ሆዱ ግን እስከ ዛሬ እሺ አላለም። ሚጣ ይህን አታውቅም፤ ወይም እያወቀች ላለማወቅ ትታገላለች። ትናንት ማታ መኪናዋን ሲጢጥ እያሰኘች አመጣችና ካርቶኖቹን አስረከበችው። «ወንድምጋሼ እያለልኝ ለጋራዥ ምን ልሁን ብዬ እከፍላለሁ?» ብላ ጉንጩን ስማው በታክሲ ሄደች።

መጀመሪያ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስ አለኝ። ሳህኑን እንደያዝኩ ደስ አለኝ። የባሌን መኪና የምንሳፈርባት እኔና ልጄ ነን፤ መኪናዋም ከሰሞኑ ፍሬን ሲረገጥ እየጮኸች ነበር፣ እኔም ሥጋቴን በየቀኑ እነግረው ነበር። አሁን አዲስ ፍሬን ሊኖረን ነው። ይህ ሐሳብ በጭንቅላቴ የቆየው የሳህኑ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ነው፤ ከዚያ ግን የሚጣ መኪና የምትቆምበት ቦታ ትዝ አለኝ። የሚጣ ቤት ያለው ቁልቁለት ላይ ነው። መኪናዋ በር ላይ የምትቆመው በእጅ ፍሬን ብቻ ነው፣ እጅ ፍሬኑም የሚይዘው እነዚያኑ የኋላ ሸራዎች ነው፤ ልጆቿ ደግሞ የሚጫወቱት ከመኪናዋ በታች ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ይህን ባሌ አያውቅም እንዳትሉ። ባለፈው ዓመት ለትንሹ ልጇ ልደት ሄደን ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባው እሱ ራሱ ነበር። እጄን አድርቄ ልወጣ ተነሳሁ፤ በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ከእናትና ከልጅ መሃል መግባት ለኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ በገባሁ ቁጥር «እሷ ናት ቤታችንን ያወከችው» የምባለው እኔው ነኝ። ቆይ ትንሽ ልይ አልኩ። ያን ቀን ሙሉ ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ቆይ ትንሽ ልይ።

ያየሁትም ደስ የሚል አልነበረም። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ ሁለት መኪና ሲገባበት ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ባሌ ሁለቱንም በክሪክ ከኋላ አንስቶ፣ ሥራቸው ግንድ ደግፎ፣ አራቱን ጎማ ፈትቶ በግድግዳው ደርድሯል። ታንቡሩን በመዶሻ እየመታ ሲያወልቀው ያ የፍሬን አቧራ፣ ጥቁርም ያልሆነ ቡኒም ያልሆነ፣ ቡፍ ብሎ ይነሳል። አፉን እንኳ ሳይሸፍን በትንፋሹ እፍ ይለዋል። አቧራው ያሰጣሁት ልብስ ላይ ዐረፈ፣ በመስኮት ገብቶ ዳቦው ላይ ዐረፈ፣ የውሃ ማንቆርቆሪያው ክዳን ላይ ዐረፈ። ከባሌ መኪና አንደኛው ጎማ ሲሊንደሩ ሲያፈስ ከርሟል፤ ሸራዎቹ ዘይት ጠጥተው ረጥበዋል፣ ሲያወጣቸው የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። የተፈቱትን ብረታ ብረቶች የዘፈዘፋቸው በምን መሰላችሁ? ልጄ ሕፃን ሳለች ገላዋን በማጥብባት ሰማያዊ ሳፋ ነው፣ ቤንዚን ሞልቶበት። መፈግፈጊያ ሲፈልግ ደግሞ አማቴ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብተው የሟቹን ባላቸውን የጥርስ ብሩሽ አመጡለት። ጨርቅ ሲያጣም የሽማግሌውን ፒጃማ ከቁም ሳጥን አውጥተው እፊቱ ቀደው ቀደው ሰጡት፣ ያንን ሚጣ ሰፍታላቸው የነበረውን ባለ መስመር ፒጃማ። «ምን ይሠራል ከዚህ ወዲያ?» አሉ። እኔን ግን ቀፈፈኝ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሴትየዋ የነኩትን ብርጭቆ ለመንካት ተጠየፍኩ።

ከስምንቱ አሮጌ ሸራ ትንሽ የሚሻለውን አራት መረጠ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋቸው፤ ላያቸው ሲገለጥ አዲስ መሰሉ። አሮጌውን የሚጣን ታንቡር ዝገቱን ጠርጎ በጥቁር ቀለም ነፋው። ይህን ይህን አያችሁ? ሸራውን ቢመልስላት «ቸኮልኩ፣ ተሳሳትኩ» ሊል ይችላል። ቀለም ሲነፋበት ግን ማንም አይሳሳትም። ራቅ ብሎ ቆሞ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሲያየው፣ እናቱ ደግሞ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «ጎሽ፣ ከካርቶን ውስጥ የወጣ ነው የሚመስለው» ሲሉት፣ እጅ እጅ አለኝ። ሰው እንዲህ ተረጋግቶ ይሰርቃል?

ባሌ መካኒክ አይደለም፤ ኮምፒውተር ነው የሚጠግነው። ቢሆንም ፍሬኑን ሁሌም ራሱ ነው የሚቀይረው፣ ጥሩም ይሠራል። ሲሠራ አጠገቡ ለቆመ ሁሉ የሚሰጠው አንድ ትምህርት አለው። የታንቡር ፍሬን ውስጡ ሸራውን በሚስብ በየዓይነቱ ሞላ የታጨቀ ነው፤ ትልቁ፣ ትንሹ፣ የግራው፣ የቀኙ፣ ሁሉም የየራሱ ቀዳዳ አለው። ስለዚህ አንዱን ጎማ ሳትጨርስ ሌላውን መፍታት የለብህም፤ ሲጠፋህ ያልተፈታውን ሄደህ ታያለህ። ይህን ለጎረቤት ሁሉ ሰብኳል። ዛሬ ግን የሚሻለውን ሸራ ለመምረጥ፣ ከምሳ በፊትም አዲሱን በራሱ መኪና ላይ ገጥሞ ጎማውን ለመመለስ ሲል አራቱንም በአንድ ጊዜ ፈታ። ሞላው ሁሉ፣ የሱም የሷም፣ ሳፋው ውስጥ አብሮ ተዘፈዘፈ። የሚያየው ያልተፈታ ጎማ በግቢው ውስጥ አልቀረም። የራሱን መኪና ሲገጥም አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እየጎነበሰ፣ በፒንሳ እየሳበ፣ ሞላው እየተፈናጠረበት ጣቱን ሲቀደው ይሳደባል፤ ከዚያ ቀና ብሎ የመንገዱን በር ያያል፣ ሚጣ እንዳትደርስበት።

ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰች፣ ሁለቱን ልጆቿን ይዛ። የባሌ መኪና ጎማዎቿ ተገጥመው መሬት ወርዳለች፤ የሚጣ ብቻ ግንድ ላይ ናት፣ ባዶዎቹ ካርቶኖች አጠገቧ ተደርድረው። «ውይ ወንድምጋሼ፣ ፀሐዩ ፈጀህ እኮ!» አለች። ሳሙና አመጣችና ውሃ እያፈሰሰች አስታጠበችው፤ ያ ጥቁር ነገር ከጥፍሩ ሥር አልወጣ ሲል እጁን በእጇ ይዛ ጣት በጣት ፈገፈገችለት። ባሌ እጁን እንደ ሕፃን ዘርግቶ ቆሟል። «ዕቃው እንዴት ነው? አታለውኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችው። «አንደኛ ዕቃ ነው፤ ጎበዝ፣ ዓይን አለሽ» አላት። አያችሁ፣ አልዋሸም። ከዚያ እጁን የሚያደርቅበት ፈልጋ መሬት ላይ ያለውን ጨርቅ ስታነሳ እጇ ላይ ቀረ። ባለ መስመሩ ጨርቅ ነው። አገላብጣ አየችው። እናቷን ቀና ብላ አየቻቸው፤ አማቴ የልጅ ልጃቸውን የጫማ ማሰሪያ ማስተካከል ጀመሩ። ሚጣ ጨርቁን አጣጥፋ፣ ከነዘይቱ፣ ከነአቧራው፣ የካርቶኑ ላይ አስቀመጠችው።

የምንበላበት ክፍል አነስተኛ ነው፤ ጠረጴዛው ግድግዳ ተጠግቶ አንዱ ሰው ሌላውን ሳያስነሳ አይወጣም። ሩዝ በአትክልት ሠርቻለሁ፣ ለልጆቹ እንቁላል ጠብሻለሁ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ይጎርሳል፤ ከሰውነቱ ቤንዚን ይሸታል፣ ሩዙም ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። አማቴ የሽንኩርት ዋጋ ሰማይ እንደነካ ተናገሩ። ሚጣ «ክርም እንዲሁ ሆኗል» አለች። ትንሹ ልጇ «መኪናችን ተሻላት?» ብሎ ጠየቀ፤ ባሌ «ድና ትነሳለች» አለው፣ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በግራዬ እሷ፣ በቀኜ እናቷ፣ ከንፈሬን ለመክፈት የፈለግሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ በከፈትኩ ቁጥር ሩዝ አጎርሰዋለሁ። ሚጣ ሁለት ጊዜ ውሃ ቀዳችልኝ፤ «ደክሞሻል መሰለኝ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም» አለችኝ። «ሽታው ነው» አልኳት።

ከምሳ በኋላ እሷ ከልጆቹ ጋር ሳሎን ጋደም ስትል ለባሌ ሻይ ይዤ ወጣሁ። የሷን የመጨረሻውን ታንቡር እየመለሰ ነበር፤ ቀለሙ ገና በደንብ ስላልደረቀ ጣቱ ታትሞበታል። ሳፋው ወለል ላይ አንዲት ሞላ ቀርታለች። አነሳት። አንከባለላት። ወደ ሚጣ መኪና አየ፣ ወደኛ መኪና አየ፣ እንደገና ሞላዋን አየ። አጠገቡ መቆሜን ያወቀው ያኔ ነው።

«የየትኛዋ ናት?» አልኩት።

«ትርፍ ናት። አንዳንዴ ትርፍ ይመጣል።»

«አራቱንም ፈታሃቸው እኮ። አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ...»

«አንቺ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ!» አለ በሹክሹክታ። ከዚያ ድምፁን አለሳልሶ፣ «ለማን ብዬ ይመስልሻል? ላንቺና ለልጄ ብዬ አይደል? እሷ እንደሆነ በዝግታ ነው የምትነዳው፤ የፊቱ ፍሬን ይይዛታል። ማንም አይሞትም» አለና ሞላዋን ኪሱ ከተተ።

ይህቺ «ላንቺና ለልጄ» የምትለው ናት ያንገሸገሸችኝ። ሌላውን ሁሉ፣ ሳፋውንም፣ ብሩሹንም፣ ፒጃማውንም፣ የሱና የእናቱ ነው ብዬ በመስኮት ማየት እችል ነበር። አሁን ግን የሰረቀውን ዕቃ እጄ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን ጠቅልሎ ዘጋልኝ። ሻዩን እክሪኩ አጠገብ አስቀመጥኩለትና ገባሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስመለስኩ። ሚጣ በሩን አንኳክታ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። በሩ አንድ ጣት ውፍረት የለውም፤ ከዚያ ሆኜ ሁሉንም ብናገር፣ ፊቷንም አላይ፣ ፊቴንም አታይ። «ደህና ነኝ፣ ሆዴ ነው» አልኳት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናዋ ወረደች። ባሌ ግቢው ውስጥ ሁለቴ ፊትና ኋላ አደረጋት፤ በዚያች ጠባብ ቦታ እንኳን በፍሬን በእግርም ትቆማለች። «አበቃ! ቅቤ ሆናለች» ብሎ ቁልፉን ሰጣት። ሚጣ ጎማው ሥር ጎንበስ ብላ በቸርኬው ቀዳዳ አየች፤ ጥቁሩ ታንቡር ያብለጨልጫል። «እንዴት ያምራል!» አለች። ተንጠራርታ ግንባሩን ሳመችው። ልጆቿ ኋላ ገቡ፣ እሷም ሞተሩን አስነሳች። አማቴ የመንገዱን በር ለመክፈት ቀድመው ሄዱ። ይህን ጊዜ ልጄ የማደሪያ ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ከቤት ወጣች፤ ቅዳሜ ማታ አክስቷ ቤት ማደር ልማዷ ነው። «እማዬ፣ ልሂድ?» አለችኝ።

«ሂጂ» አልኳት። ሳላስብ አይደለም፣ አስቤ ነው። የኋላውን በር ከፍቼ ከሁለቱ ልጆች መሃል አስቀመጥኳት፣ ዘጋሁባት። ቀና ስል ባሌ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

«እሷ የት ልትሄድ ነው?»

«አክስቷ ጋ። መች ዛሬ ጀመረች?»

«ዛሬ አይሆንም፤ ትውረድ።»

«ለምን?»

«የቤት ሥራ አለባት።»

«ነገ እሁድ አይደለም እንዴ!» አለች ሚጣ ከመሪው ሆና እየሳቀች፤ «እኔ አሠራታለሁ፤ ወንድምጋሼ ደግሞ ሲያጠብቅ!» ማርሽ አስገባች። መኪናዋ ቀስ ብላ ስትነቃነቅ ባሌ የኋላውን በር እጀታ ጨመደደ።

«ልጄን አውርጂልኝ አልኩ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። አማቴ የመንገዱን በር አጋማሽ ላይ ለቀቁት። ሚጣ መኪናዋን አቆመች። ሳቋ ገና ፊቷ ላይ ነው፤ የሚሆንበትን ያጣ ሳቅ። ዞራ ወንድሟን አየችው፣ እጀታውን የጨመደደ እጁን አየች፣ ከዚያ በመስተዋቱ ከኋላ የተቀመጡትን ሦስቱን አየች።

«የኔዎቹስ?» አለችው።

ባሌ እጀታውን አልለቀቀም። በሩን ከፍቶ ልጄን በብብቷ ይዞ አወጣት፤ ሌሎቹን ሁለቱን ሳያይ በሩን መልሶ ዘጋው። ያኔ ነው አማቴ ከበሩ ዘንድ፣ ሰላማዊ በሆነ የእናት ድምፅ፣ «ቀስ እያልሽ ንጂ፣ ሚጣዬ። ቁልቁለቱ ላይ በማርሽ ያዢው፣ ምንም አትሆኚም» ያሉት።

ሚጣ ሞተሩን አጠፋች። ወረደችና ልጆቿን በየተራ አወጣቻቸው፤ ቁልፉን መቀመጫው ላይ ትታ በሩን ዘጋች። «እማዬ፣ አንቺም?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አማቴ «ሰው ይሰማል፣ ግቢና እንነጋገር» አሉ። ባሌ «ሸራው እኮ ትንሽ ነው ያለቀው፣ አንቺ ደግሞ...» ብሎ ጀምሮ ተወው። አልሰማችውም፤ ወደኔ መጣች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልታቅፈኝ ነው ብዬ ነበር። የሷን ልጆች ላድን የኔን ያስቀመጥኩ ሴት ነኝ፤ እጆቼ እንኳ ትንሽ ተነስተው ነበር።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ጠዋት» አልኳት።

ልጆቿን ግራና ቀኝ ያዘቻቸው።

«አብረን ምሳ በላን እኮ» አለችኝና ወጣች።